ግራይንድኮርንና ዴዝ ሜታልን የሚያዋህድ የሙከራ አልበም አቀራረጽ፦ ከቅኝት እስከ ማስተር

ግራይንድኮርና ዴዝ ሜታል እጅግ ፈጣንና ከባድ የሜታል ሙዚቃ ስልቶች ናቸው። በደቂቃ 240 ምት በሚሄድ ዘፈን ውስጥ የድብል ኪክ (ትልቁን ድራም በሁለት ፔዳል የሚመቱት) እግሮች በእያንዳንዱ ምት አራቴ፣ በሰከንድ 16 ጊዜ ይመታሉ። በአንዱና በሚቀጥለው የእግር ምት መካከል ያለው ክፍተት 62.5 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚህ በላይ የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ፣ የላላ ክር ጉምጉምታ ይሁን የክፍሉ ማስተጋባት ወይም ቶሎ የማይለቅ ኮምፕረሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጨፈልቅ መሣሪያ)፣ የሚቀጥለውን ምት ይሸፍነዋል። በልምምድ ክፍል ግድግዳ የሚያርገበግብ ባንድ ተቀርጾ ሲሰማ ድፍርስ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ብዙዎች መፍትሔውን ሚክስ (የተቀረጹትን ድምፆች ማዋሃድ) ላይ ይፈልጉታል፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ጊዜው አልፏል። ጥራቱ የሚወሰነው በፍጥነት፣ በቅኝት፣ በክር ውፍረትና በጌን (በአምፑ የማጉያና የማሻከሪያ መጠን) ነው፤ ሁሉም ከቀረጻ በፊት የሚያልቁ ጉዳዮች ናቸው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሊዘለል አይገባም፤ የእያንዳንዱ ደረጃ ስህተት የሚታየው ከሁለት ደረጃ በኋላ ስለሆነ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢያንስ 8 የማይክ መግቢያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይኮቹን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ መሣሪያ)። ድራሙን በፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ 2 መግቢያ ይበቃል።
- ቀረጻው በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ ይሁን። ሲቀረጽ ባፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚያቆይበት ጊዜያዊ ቋት) 64 ወይም 128 ሳምፕል፣ ሚክስ ሲደረግ 512 ወይም 1024።
- ለእያንዳንዱ ጊታር ቢያንስ ሦስት ሙሉ የክር ስብስብ።
- ለእያንዳንዱ ሰው የጆሮ መከላከያ። የተለመደው የሥራ ደኅንነት መለኪያ በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ዝግ ክፍል ውስጥ የሚመታ ብላስት (ኪኩና ስኔሩ፣ ማለትም የእግሩና የእጁ ዋና ድራም፣ እጅግ በፍጥነት የሚመቱበት አመታት) ደግሞ ከዚህ በላይ ይጮኻል። የደከመ ጆሮ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ቀጭን ድምፅ በትክክል አይሰማም፤ ስለዚህ ጉዳቱ ከጤና አልፎ ሚክሱን ራሱን ያበላሻል።
- ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ። በየቀኑ ሥራው ሲያልቅ ፋይሉ ሦስት ቦታ ይቀመጥ።

ደረጃ 1፦ ፍጥነቱን በቁጥር ያዙ

እያንዳንዱን ዘፈን ክፍል በክፍል ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ ፍጥነቱን፣ የምት አቆጣጠሩን (4/4፣ 7/8፣ 5/4)፣ የባሮቹን (የምት ቡድኖቹን) ብዛት። በልምምድ ጊዜ በዓይን እየተያያችሁ የምታልፏቸው ሽግግሮች ቀረጻ ላይ የሚፈርሱት ማንም ቁጥራቸውን ስለማያውቅ ነው።

ቀጥሎ 15,000ን ለፍጥነቱ አካፍሉ። የሚወጣው ውጤት በሁለት አሥራ ስድስተኛ ኖታዎች (አንድ ምት ለአራት እኩል ሲከፈል የሚገኙ ኖታዎች) መካከል ያለው ክፍተት በሚሊሰከንድ ነው፦

- 180 ምት፦ 83
- 200 ምት፦ 75
- 220 ምት፦ 68
- 240 ምት፦ 62.5
- 260 ምት፦ 58
- 280 ምት፦ 54

ይህ ቁጥር ከዘፈኑ ስም አጠገብ ይጻፍ። ጌቱን (በኖታዎች መካከል ድምፁን የሚዘጋውን)፣ ኮምፕረሰሩን፣ ትሪገሩን (ምቱን ይዞ ሌላ ድምፅ የሚያስነሳውን) እና የኪክ ሳምፕሉን (ቀድሞ የተቀረጸውን ነጠላ የኪክ ድምፅ) ርዝመት ስታስተካክሉ ወደ እሱ ትመለሳላችሁ።

የፍጥነቱን ጣሪያ የሚወስነው ድራመሩ ነው። ለ1 ደቂቃ ሳያቋርጥ፣ የስኔሩ ኃይል ሳይወርድ መምታት የሚችለውን ፍጥነት ፈልጉና ከእሱ 5 በመቶ ቀንሱ። በ230 ጥርት ብሎ የተመታ ብላስት በ250 ከተንኮታኮተው ይልቅ ለአድማጭ ፈጣን ሆኖ ይሰማል፤ ጆሮ የሚቆጥረው የሚለያቸውን ምቶች ነውና።

ክሊኩን (በጆሮ ማዳመጫ ፍጥነቱን የሚቆጥረውን ድምፅ) ስታዘጋጁ ሦስት ነገሮችን ጠብቁ፦

1. በብላስት ክፍሎች ክሊኩ በየሁለት ምቱ ይጩህ። በየምቱ የሚጮኽ ክሊክ ድራመሩን ያጣድፈዋል።
2. ፍጥነት ከሚቀየርበት ቦታ በፊት ያለው አንድ ባር በተለየ ድምፅ ይቆጠር።
3. ከፈጣን ወደ ዘገምተኛ ክፍል ስትወርዱ አዲሱ ፍጥነት የድሮው ግማሽ ወይም ሦስተኛ ቢሆን ይመረጣል (ለምሳሌ ከ240 ወደ 80)። ሌላ ቁጥር ከፈለጋችሁ ክልክል አይደለም፤ ግን ሽግግሩን ለብቻው ለይታችሁ ቅረጹ።

የጠቅላላውን ርዝመት አሁኑኑ ወስኑ። ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ ከ22 እስከ 30 ደቂቃ በቂ ነው። በቪኒል የምታወጡት ከሆነ ባለ 12 ኢንቹ ሸክላ በ33 ዙር በአንድ ገጽ እስከ 18 ወይም 20 ደቂቃ በደንብ ይይዛል፤ ከዚያ ሲያልፍ ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል። በሲዲ ላይ ደግሞ አንድ ትራክ ከ4 ሰከንድ ማነስ አይችልም። የ2 ሰከንድ ዘፈን ካላችሁ ከኋላው ጸጥታ ወይም ፊድባክ ጨምሩበት፣ አለበለዚያ ከሚቀጥለው ጋር በአንድ ትራክ አስገቡት።

ደረጃ 2፦ ሪፉን (የሚደጋገመውን የጊታር ሐረግ) ከብላስቱ ጋር አስማሙ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ከፍተኛውን ጉዳት የሚያመጣውም መዘለሉ ነው።

እስከ ታችኛው ኤ የወረደ ጊታር ክፍት ክሩ በ55 ኸርዝ ይርገበገባል። አንዱ ርግብግቢት ወደ 18 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በ240 ፍጥነት አንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ 62.5 ሚሊሰከንድ ስለሚቆይ፣ ክሩ ሦስት ጊዜ ተኩል እንኳ ሳይርገበገብ ኖታው ይቀየራል። ጆሮ ከዚያ ውስጥ ዜማ ማውጣት አይችልም፤ የሚሰማው ድብደባ ብቻ ነው። ስለዚህ፦

- ኖታው በየአሥራ ስድስተኛው የሚቀያየር ሪፍ ካላችሁ ወደ አራተኛውና ሦስተኛው ክር አውጡት።
- በታችኛው ክር ላይ የሚሄድ ትሬሞሎ (አንድን ኖታ በፍጥነት እየደጋገሙ መምታት) ከሆነ አንዱ ኖታ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ምት ይቆይ።
- ወፍራሙን ክፍት ክር ለዘገምተኛው ክፍል አስቀምጡት። ከ60 እስከ 90 ባለው ፍጥነት ላይ ሙሉ ክብደቱን ያሳያል።

የብላስቱን ዓይነትም ምረጡ። ኪክና ስኔር እየተቀባበሉ የሚመቱበት ባህላዊው ብላስት አየር ስላለው ለግራይንድኮር ኮርዶች ይስማማል። ኪክ፣ ስኔርና ሲምባል አንድ ላይ የሚወርዱበት ሀመር ብላስት ትክክለኛ እጅ ይጠይቃል፤ በ10 ሚሊሰከንድ ከተዛነፈ ደርቡ እንደ ስህተት ይሰማል። ቦምብ ብላስት ከስር ድብል ኪክ ስለሚሄድበት የታችኛውን ድምፅ በሙሉ ይወስዳል፤ እዚያ ላይ ጊታሩ ከፍ ይበል። አንድን ብላስት ከ16 ባር በላይ ሳትቀይሩ አትሂዱ፤ ጆሮ ይለምደውና ኃይሉ ይጠፋል።

ደረጃ 3፦ ቅኝትና ክር

25.5 ኢንች የክር ርዝመት ላለው ባለ 6 ክር ጊታር መነሻ ውፍረቶች እነዚህ ናቸው (ቀጭኑና ወፍራሙ ክር፣ በኢንች)፦

- የዲ ቅኝት (73.4 ኸርዝ)፦ ከ0.011 እስከ 0.054
- የሲ ቅኝት (65.4 ኸርዝ)፦ ከ0.012 እስከ 0.060
- የቢ ቅኝት (61.7 ኸርዝ)፦ ከ0.013 እስከ 0.062
- የኤ ቅኝት (55 ኸርዝ)፦ ከ0.014 እስከ 0.068፤ 27 ኢንች ባሪቶን (ክሩ የረዘመ ጊታር) ቢሆን ይመረጣል

ክር ስትቀይሩ ውፍረቱ ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበት ቁራጭ) ቦይ ጋር መስማማቱን አረጋግጡ፤ በ0.046 ልክ የተቆረጠ ቦይ 0.062 ክርን ቆንጥጦ ይይዘውና ቅኝቱ አይረጋም። ቦዩን በሙያ ፋይል አስፉት። ከዚያ የአንገቱን ዘንግና በ12ኛው ፍሬት ላይ ኢንቶኔሽኑን (ኖታዎቹ በአንገቱ ሁሉ ላይ ከቅኝቱ ጋር መስማማታቸውን) አስተካክሉ። አዲሱን ክር እየሳባችሁ አለማምዱት፤ መልሳችሁ ስትቃኙት እስከማይወርድ ድረስ።

አቃኛኘቱ ላይ አንድ ወሳኝ ነገር አለ። በኃይል የተመታ ወፍራም ክር መጀመሪያ ላይ ከቅኝቱ በላይ ይወጣል፤ ከዚያ ይወርዳል። በቀስታ መትታችሁ ከቃኛችሁት በዘፈኑ ውስጥ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይሰማል፣ ሁለቱ ጊታሮችም ይጣላሉ። ስለዚህ በምትጫወቱበት ኃይል እየመታችሁ፣ መርፌው በመጀመሪያው ቅጽበት የሚያሳየውን ይዛችሁ ቃኙ። ከእያንዳንዱ ቴክ (አንድ ዙር ቀረጻ) በኋላ ድገሙት። ክሩን በየሁለት ዘፈኑ ቀይሩ። ፒኩ (የክር መምቻው) 1.14 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ፣ የማይታጠፍ ይሁን።

ክሩ ሲመታ የሚንቦጫረቅ ከሆነ አንድ ደረጃ የወፈረ አስገቡ። ጌን አትጨምሩ፤ ጌን መንቦጫረቁን ያጎላዋል።

ደረጃ 4፦ የጊታር ድምፅ

የሁለቱ ስልቶች ውህደት በዋናነት የሚሰማው እዚህ ነው። በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት ድምፅ ከማድረግ ይልቅ ሁለት ጠባይ ስጧቸው።

በአንደኛው ጎን፦ የቦስ ኤችኤም-2 ዓይነት ፔዳል፣ አራቱም ቁልፎች እስከ መጨረሻው ተከፍተው፣ ጌኑ ወደ ታች በወረደ አምፕ ላይ። መጋዝ የሚመስለው ሻካራ ድምፅ ከዚህ ይመጣል። ወደ 1 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ስለሚጎላ በብላስት ውስጥ አይጠፋም፤ ዝርዝሩ ግን ደብዛዛ ነው።

በሌላኛው ጎን፦ ከፍተኛ ጌን ያለው አምፕ፣ ከፊቱ የቲዩብ ስክሪመር ዓይነት ፔዳል። የፔዳሉ ድራይቭ 0፣ ሌቭሉ ሙሉ፣ ቶኑ መሃል ላይ። ፔዳሉ የታችኛውን ድምፅ ወደ አምፑ ከመግባቱ በፊት ስለሚቀንሰው የእጅ መዳፍ ያፈናቸው ኖታዎች ተለይተው ይሰማሉ። የዴዝ ሜታል ሪፎችን ዝርዝር የሚሸከመው ይህ ጎን ነው።

በሁለቱም አምፖች ላይ ጌኑን በልምምድ ከለመዳችሁት በሲሶ ቀንሱ። ሲጫወቱት ቀጭን ይመስላል፤ ሁለቱ ጊታሮች ሲደረቡ ይሞላል።

ጌት አስገቡ። የሚለቅበት ጊዜ (ሪሊዝ) ከ30 እስከ 60 ሚሊሰከንድ፣ ሁልጊዜም በደረጃ 1 ካሰላችሁት ክፍተት በታች ይሁን። ጌቱ ቁልፍ መግቢያ ካለው ዲስቶርሽን ካልነካው የጊታር ሲግናል አስነሱት፤ እዚያ ላይ በኖታና በጸጥታ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ አይሳሳትም። የኖታው መነሻ የሚቆረጥ ከሆነ ማስነሻ ልኩን (ትሬሾልዱን) ዝቅ አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የቲዩብ አምፕን ስፒከር ወይም ሎድ ቦክስ (በስፒከር ፈንታ ኃይሉን የሚቀበል ሳጥን) ሳይገናኝበት ፈጽሞ አታብሩ፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ኦሙም ከስፒከሩ ጋር ይግጠም።

ለማይክ፦ አንድ ሹር ኤስኤም57 ከስፒከሩ መረብ 2 ወይም 3 ሰንቲ ሜትር ላይ፣ በኮኑ መሃልና ጠርዝ መካከል። ወደ መሃል ሲጠጋ ይሰላል፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ይጨልማል። ኢኪው (የድግግሞሽ ማመጣጠኛው) ከመንካታችሁ በፊት ማይኩን ግማሽ ሰንቲ ሜትር እያንቀሳቀሳችሁ ስሙ። ሁለተኛ ማይክ ካስገባችሁና ድምፁ ከሳሳ ፌዙ (የሁለቱ ሞገዶች አወጣጥና አወራረድ) ተጋጭቷል፤ የአንዱን ፌዝ ገልብጡ ወይም ርቀቱን እኩል አድርጉ።

ደረጃ 5፦ ድራም

1. አዲስ ቆዳ አስገቡ። የስኔሩን የላይኛውን ቆዳ ከተለመደው ከፍ አድርጋችሁ ወጥሩት፤ የረገበ ስኔር በብላስት ውስጥ የሚመልስበት ጊዜ የለውም። ኪኩ ውስጥ ትራስ አስገቡ፣ መምቻውም ከእንጨት ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ ይሁን።
2. ሲምባሎቹን ከታሞቹ (ከመለስተኞቹ ድራሞች) ከፍ አድርጉ። ከፍታው ሲጨምር ወደ ታም ማይኮች የሚፈሰው ድምፅ ይቀንሳል።
3. ሁለቱን የላይ ማይኮች ከስኔሩ መሃል እኩል አርቁ። በዓይን አትገምቱ፤ ገመድ ይዛችሁ ለኩ። ድምፅ በ1 ሚሊሰከንድ ወደ 34 ሰንቲ ሜትር ይጓዛል፤ የ10 ሰንቲ ሜትር ልዩነት ስኔሩን ከመሃል ያንሸራትተዋል።
4. ኪኩ ላይ ትሪገር ግጠሙ፣ ማይኩንም እንዳለ ተዉት። የትሪገሩ ዳግም መነሻ ጊዜ ከክፍተቱ በታች መሆን አለበት፤ በ240 ፍጥነት 45 ሚሊሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ከ62.5 ካለፈ ከሁለት ኪክ አንዱን ይውጣል። በጣም ካጠረ ደግሞ አንዱን ምት ሁለቴ ይቆጥራል።
5. የሲግናሉ ጫፍ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መካከል ይሁን። ሲሞቅ ድራመሩ ከሙከራው በላይ ይመታል፤ ለዚያ ቦታ ተዉለት።

ቀረጻው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከሚወስድ ማሟሟቂያ በኋላ ይጀመር። ፈጣኖቹ ዘፈኖች በመጀመሪያው ሰዓት፣ ዘገምተኞቹ በመጨረሻ። ለእያንዳንዱ ዘፈን ሦስት ሙሉ ቴክ ያዙ፤ ካልተሳካ ያኔ ክፍል በክፍል ሂዱ። ክፍል ስትቆርጡ ሲምባሉ ተንጠልጥሎ እስኪያልቅ ድረስ መቅጃውን አታቁሙ፤ ጭራው የተቆረጠ ሲምባል በሽግግሩ ላይ ይጋለጣል።

ሲታረም፦ የድራሙን ትራኮች ሁሉ በአንድ ቡድን አስራችሁ አንድ ላይ ቁረጡ፣ አንድ ላይ አንቀሳቅሱ። ስኔሩን ለብቻው ከላይ ማይኮቹ ነጥሎ መጎተት ፌዙን ያበላሻል። ወደ ክሊኩ ሙሉ በሙሉ አትጎትቱት፤ ከ70 እስከ 80 በመቶ ይበቃል። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊሰከንድ የሚደርስ ክሮስፌድ (አንዱ እየከሰመ ሌላው የሚገባበት መጋጠሚያ) አድርጉ።

ስኔሩ በብላስት ውስጥ ከጠፋ፦ እጅ ሲፈጥን ኃይሉ ይቀንሳል፤ ይህ የተፈጥሮ ነው። ከዚያው ስኔር በቀረጻው ቀን ነጠላ ምቶችን፣ ከቀላል እስከ ኃይለኛ ከ10 እስከ 15 ያህል፣ ለብቻ ቅረጹና በብላስት ክፍሎች ብቻ ከሥር ደርቧቸው። ከሌላ ቦታ የመጣ ሳምፕል ከላይ ማይኮቹ ጋር አይስማማም።

ድራሙን በፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ፦ መትረየስ የሚመስለው ድምፅ የሚመጣው እያንዳንዱ ምት እኩል ሲሆን ነው። የቀኝ እጁን ቬሎሲቲ (የምቱን ኃይል የሚያሳይ ቁጥር) ከ108 እስከ 118፣ የግራውን ከዚያ ከ5 እስከ 8 ዝቅ አድርጉ። ምቶቹን ከ2 እስከ 4 ሚሊሰከንድ ወዲያና ወዲህ በትኑ። ደግሞም ሰው ሁለት እጅና ሁለት እግር ብቻ እንዳለው አትርሱ፤ ሃይሃት፣ ስኔርና ክራሽ በአንድ ቅጽበት ከተመቱ የተሰማው ውሸት ነው።

ደረጃ 6፦ ጊታርና ቤዝ መቅረጽ

ሁለት የጊታር ትራክ ብቻ ቅረጹ፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። አራት ትራክ ለዘገምተኛ ክፍል ያምራል፤ በ220 ላይ ግን አራት እጅ አንድ ላይ አይወርድምና የኖታው ጠርዝ ይጠፋል። አንድን ቴክ ኮፒ አድርጋችሁ በሁለት ጎን አታስቀምጡ፤ ስፋት አይሰጥም።

ሁልጊዜ ያልተነካውን የጊታር ሲግናል በዲአይ ሳጥን (ጊታሩን ያለ አምፕ በቀጥታ ወደ ኢንተርፌሱ የሚያገባ) በኩል ጎን ለጎን ቅረጹ። በኋላ ድምፁ ካላማራችሁ ሳትጫወቱ በድጋሚ በአምፕ ውስጥ ታሳልፉታላችሁ።

የክፍሉ የመጨረሻ ኖታ የት እንደሚቆም ተስማሙ። ሁለቱ ጊታሮችና ቤዙ በተለያየ ቦታ ከቆሙ ቀጥሎ ያለው ጸጥታ ይደበዝዛል፤ በዚህ ሙዚቃ ደግሞ ጸጥታው ራሱ ምት ነው።

ቤዙ በኤ ቅኝት 27.5 ኸርዝ ላይ ይወርዳል። አብዛኛው ስፒከር ይህን አያወጣውም፤ ሰሚው የሚይዘው ከላይ ያሉትን ተደራራቢ ድምፆች ነው። ስለዚህ ቤዙን ለሁለት ክፈሉት፦ ከ200 ኸርዝ በታች ያለው ንጹሕና በጥብቅ ኮምፕረስ የተደረገ፣ ከዚያ በላይ ያለው በዲስቶርሽን የተቀደደ። ሁለቱን ስትደርቡ ፌዛቸውን ፈትሹ። በፈጣን ሪፎች ላይ ቤዚስቱ ጊታሩን ኖታ በኖታ መከተል የለበትም፤ ግማሹን ኖታ ቢመታ የታችኛው ድምፅ ይጠራል።

ደረጃ 7፦ ድምፃዊ

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አሟሙቁ። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቅረጹ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ እረፍት፤ በቀን ከ2 ሰዓት አይለፍ። ውኃው በክፍሉ ሙቀት ልክ ይሁን። ጉሮሮ ከቆጠቆጠ ወይም የንግግር ድምፅ ከሻከረ ያን ቀን ቁሙ፤ ሕመም የቴክኒክ ስህተት ምልክት ነው፣ ተገፍቶ የሚታለፍ አይደለም።

ማይኩን ከአፍ ከ5 እስከ 10 ሰንቲ ሜትር አርቁት፣ ፖፕ ፊልተርም ይኑረው። በእጅ ጨምድዶ መያዝ መድረክ ላይ የተለመደ ነው፤ ቀረጻ ላይ ግን ድምፁን በቆርቆሮ ውስጥ እንደተነገረ ያደርገዋል። ወፍራሙን ድምፅ መሃል፣ ቀጭኑን ጩኸት በትንሹ ወደ ጎን አስቀምጡ። በየመስመሩ ሁለቱን ከደረባችሁ ሁለቱም ይረክሳሉ፤ ለመስመር መጨረሻ ወይም ለአንድ ቃል አስቀምጡት።

ደረጃ 8፦ የሙከራው ክፍል

ጫጫታና ኤሌክትሮኒክስ መጨረሻ ላይ እንደ ቅመም የሚበተኑ ከሆነ ይታወቃል። ቦታቸው ደረጃ 1 ላይ በወረቀቱ ሊጻፍ ይገባል፣ ርዝመታቸውም በባር ይቆጠር።

- የፒየዞ ማይክ (የተለጠፈበትን ዕቃ ንዝረት የሚይዝ) በብረት ወረቀት ወይም በስፕሪንግ ላይ ለጥፉ፤ ፋቁት፣ ምቱት፣ ከዚያ በጊታር አምፑ ውስጥ አሳልፉት። በአምፑ ማለፉ ከአልበሙ ድምፅ ጋር ያዛምደዋል።
- የራሳችሁን ድራም በግማሽ ፍጥነት መልሳችሁ አጫውቱ፤ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል። ከስር የሚሄድ ድባብ ይወጣዋል።
- ፊድባክ ስትቀርጹ ጊታሪስቱ ወደ አምፑ እየቀረበ ኖታው እስኪያዝ ይጠብቅ። የቆመበት ቦታ በወለሉ ላይ በቴፕ ምልክት ይደረግበት፤ ያለዚያ ሁለተኛ ጊዜ አታገኙትም።
- ሳክስፎን ወይም ሌላ የትንፋሽ መሣሪያ ካስገባችሁ ጊታሮቹን በዚያ ክፍል ከ500 ኸርዝ እስከ 2 ኪሎ ኸርዝ ባለው ላይ በ2 ወይም 3 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉ።

የጫጫታ ትራክን ሁሉ ከ120 ኸርዝ በታች ቁረጡት። ከኪክና ከቤዝ ጋር ቦታ መሻማት የለበትም። ከፊልም የተቆረጠ ንግግር ማስገባት በዚህ ሙዚቃ የቆየ ልማድ ነው፤ ፈቃድ ከሌላችሁ ግን አልበሙ ከማሰራጫዎች ሊወርድ ይችላል። ጽፋችሁ ራሳችሁ አስነብቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ለሪበን ማይክ (በቀጭን ብረት ጥብጣብ ድምፅ የሚይዝ) የ48 ቮልት ፋንተም ኃይል (ኢንተርፌሱ በገመዱ ወደ ማይክ የሚልከው ኤሌክትሪክ) መጥፋቱን አረጋግጡ፤ አንዳንዶቹ አሮጌ ሞዴሎች በእሱ ይበላሻሉ።

ደረጃ 9፦ ሚክስ

ከፈጣኑ ክፍል ጀምሩ። ዘገምተኛው ላይ ያማረ ሚክስ በብላስት ይፈርሳል፤ በብላስት የጸና ግን ሌላውን ይሸከማል።

1. ጊታር፦ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ቁረጡ፣ ከ9 ወይም 10 ኪሎ ኸርዝ በላይ ቁረጡ። ድፍርሱ ከ250 እስከ 400 ኸርዝ ውስጥ ነው፤ በ2 ወይም 3 ዴሲቤል ቀንሱ። ከዚያ በላይ ከቀነሳችሁ ጊታሩ ባዶ ይሆናል።
2. ኪክ፦ አካሉ ከ60 እስከ 80 ኸርዝ፣ ጠቅታው ከ4 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ። በብላስትና በድብል ኪክ ክፍሎች የታችኛውን ድምፅ በአውቶሜሽን (በተመደበ ቦታ ራሱ በሚቀየር ቅንብር) ከ2 እስከ 4 ዴሲቤል አውርዱ፣ ዘገምተኛው ሲመጣ መልሱት። በሰከንድ 16 ጊዜ የሚመታ 60 ኸርዝ ተከማችቶ ሊሚተሩን (የድምፁን ጫፍ የሚገድበውን መሣሪያ) ይውጠዋል፤ ለዘገምተኛው ክፍልም የሚቀር ክብደት አይኖርም። ደርባችሁ የምትጠቀሙት ሳምፕል በፈጣን ክፍል ከክፍተቱ አይርዘም።
3. ኮምፕረሰር፦ በኪክና በስኔር ላይ የሚይዝበት ጊዜ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ የሚለቅበት ከ30 እስከ 40። ሪሊዙ 200 ከሆነ በብላስት ውስጥ አንድም ጊዜ አይለቅም፤ የመጀመሪያው ምት ብቻ ይሰማና ቀሪው ይጨፈለቃል።
4. ሪቨርብ (የሚጨመር ማስተጋባት)፦ ለስኔር ከ0.3 እስከ 0.6 ሰከንድ፣ ከ300 ኸርዝ በታች ተቆርጦ። በዘገምተኛው ክፍል ማስረዘም ይቻላል።
5. ሲምባል፦ ከ300 ኸርዝ በታች አሳንሱ። ጆሮ የሚያሳምመው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ኸርዝ ስለሆነ እዚያ በጠባቡ ቀንሱ።

ከ75 ዴሲቤል ባልበለጠ ድምፅ ሥሩ። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ጆሮን አሳርፉ። ሚክሱን በሞኖ (ግራና ቀኙን አንድ አድርጋችሁ) ስሙት፤ አንዱ ጊታር ከጠፋ ፌዝ አለ። ከዚያ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ፤ ስኔርና ድምፃዊው ቀድመው መሰማት አለባቸው፣ ቀጥሎ የሪፉ ቅርጽ።

አሁንም ድፍርስ ከሆነ ትራኮቹን አንድ በአንድ ዝጉ። ጥርት የሚለው ቤዙ ሲዘጋ ከሆነ የቤዙን የታች ግማሽ ቀንሱ። ጊታሩ ሲዘጋ ከሆነ ኢኪው አያድነውም፤ በዲአይ የያዛችሁትን ባነሰ ጌን በአምፕ መልሳችሁ አሳልፉት። ሁለቱም ካልሆነ የአጨዋወቱ ልዩነት ነውና ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።

ደረጃ 10፦ ማስተርና ማስረከብ

ከሚክሱ ላይ ሊሚተሩን አንሱ፤ ጫፉ ከ-6 ዴሲቤል አይለፍ። ማስተሩ (ለስርጭት የሚዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ) ለዚህ ሙዚቃ ከ-9 እስከ -7 ኤልዩኤፍኤስ (የአማካይ ጩኸት መለኪያ) ይደርሳል። ከዚያ በላይ መግፋት ትርፍ የለውም፤ ስፖቲፋይ በነባሪ ቅንብሩ ሁሉንም ወደ -14 አካባቢ ስለሚያወርድ የሚቀረው የተጨፈለቀው ስኔር ብቻ ነው። እውነተኛው ጫፍ -1 ዴሲቤል ላይ ይቁም።

በዘፈኖች መካከል ያለውን ጊዜ በጆሮ ወስኑ፤ ከ0 እስከ ግማሽ ሰከንድ ለዚህ ስልት ይስማማል። በፊድባክ የተያያዙ ዘፈኖችን በአንድ ፋይል ማስተር አድርጉና መጨረሻ ላይ ቁረጡ፤ ለየብቻ ካወጣችኋቸው በመጋጠሚያው ላይ ጠቅታ ይሰማል። በስፖቲፋይ አንድ መደመጥ የሚቆጠረው ከ30 ሰከንድ በኋላ ስለሆነ በጣም አጫጭሮቹን ከአጎራባቾቻቸው ጋር ማጣመርን አስቡበት። በሲዲና በቪኒል ግን ተለያይተው ቢቀመጡ አልበሙ ይበልጥ ይተነፍሳል።

የምታስረክቡት፦

- ለማሰራጫ፦ 24 ቢት ዋቭ፣ ለእያንዳንዱ ትራክ የአይኤስአርሲ ኮድ (የቀረጻ መለያ ቁጥር)።
- ለሲዲ፦ 44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ዲተር (ቢቱ ሲቀነስ የሚጨመር ስስ ጫጫታ) በመጨረሻው እርምጃ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ። ከ99 ትራክ አይበልጥም።
- ለቪኒል፦ ሊሚተር ያልጨፈለቀው ለየት ያለ ማስተር፣ ከ150 ኸርዝ በታች ሞኖ፣ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ፋይል ከጊዜ ዝርዝሩ ጋር። ኃይለኛ ሲምባልና ጩኸት ያለባቸውን ዘፈኖች ወደ ገጹ መጀመሪያ አምጡ፤ ወደ መሃል ሲጠጋ መርፌው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ድምፅ በደንብ አይከተልም።

የሙከራ ሸክላው ሲመጣ ከየገጹ የመጨረሻውን ዘፈን መጀመሪያ ስሙ፤ በሁለት የተለያዩ ማጫወቻዎች። ስኔሩ በሁለቱም ላይ ከተቀደደ ወደ ፋብሪካው አትሩጡ፤ ማስተሩ ላይ ከ6 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን በ1 ወይም 2 ዴሲቤል አውርዳችሁ እንደገና ላኩ። በአንዱ ብቻ ከሆነ መርፌው ነው።